ምቱን ከክፍላችን አታውጡብን፦ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሙዚቃ ትምህርት ቤታችን የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የዚህ ተርም የትምህርት ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የሪትም (የምት) ክፍል የለም። ሰዓቱ ለስኬል (በቅደም ተከተል ለተደረደሩ ኖታዎች) እና ለኮርድ (አብረው ለሚሰሙ ኖታዎች) ትምህርት ተሰጥቷል። በየሳምንቱ የነበረው የባንድ ልምምድም ቀርቶ፣ ተማሪው በተቀዳ ማጀቢያ ለብቻው እንዲለማመድ ተወስኗል። ውሳኔውን ያወቅነው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ስናየው ነው። ከዚያ በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረም። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሪትም ተማሪው በግሉ ጊዜ ሊያዳብረው የሚችል ክህሎት ነው ይላል።

አንስማማም። እዚህ ትምህርት ቤት የተመዘገብነው ኢምፕሮቫይዜሽን (እዚያው እየፈጠሩ መጫወት) ለመማር ነው። ያለ ምት ደግሞ ኢምፕሮቫይዜሽን የለም። ምት ክፍል ዘግቶ ለብቻ በመቀመጥ ብቻ አይመጣም። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሆኖ፣ የሚሰማና የሚያርም መምህር ባለበት ነው የሚለመደው። ይህን የምንለው ክፍሉን ስለለመድነው አይደለም። ክፍሉ ሲቀር ምን እንደሚጎድል በፈተናም በልምምድም ስላየን ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዜማ ውሰዱ። ድምፁን ተዉትና ምቱን ብቻ በእጃችሁ አጨብጭቡ። አብዛኛው አድማጭ ዜማውን ይለየዋል። አሁን ገልብጡት። የዚያኑ ዜማ ኖታዎች በቅደም ተከተላቸው ተጫወቱ፤ ግን ለሁሉም እኩል ርዝመት ስጡ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። አንድም ኖታ አልተሳሳተም፤ ዜማው ግን የለም። የሪትም ክፍል ገና ስንገባ የሠራነው ይህን ነበር። ከዚያ በኋላ ኖታና ምትን ነጣጥሎ ማሰብ ለአብዛኞቻችን አልሆነልንም።

የተጻፈ ዜማ እንዲህ ከሆነ፣ እዚያው እየፈጠረ ለሚጫወት ሰው ነገሩ ይብሳል። የተጻፈ ዜማ የሚጫወት ሰው ምቱ ተወስኖለታል። ሶሎ የሚጫወት ሰው ግን ራሱ ነው የሚወስነው። የት እገባለሁ? እስከየት እይዛለሁ? መቼ ዝም እላለሁ? ይህን ሁሉ ሙዚቃው ሳይቆም መመለስ አለበት። ቴምፖው (ፍጥነቱ) በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ስምንተኛ ኖታ (የምቱ ግማሽ) ሩብ ሰከንድ ነው። በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ አስቦ መድረስ አይቻልም። አካሉ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ወደ ቅሬታችን እንግባ። ትልቁ ቅሬታችን የኢምፕሮቫይዜሽን ፈተናው የማርክ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የስኬል አመራረጥ አለ። ኮርድ መከተል አለ። ቴክኒክ አለ። የድምፅ ጥራት አለ። ሪትም የሚል መስመር የለም። ይህ ምን እንዳስከተለ ባለፈው ተርም ከተፈተኑት ሁለት ተማሪዎች እንይ። ሁለቱም የተጫወቱት ያንኑ ባለ 12 ባር ብሉዝ (በየባሩ አራት ምት ያለው፣ አስራ ሁለቱ ባር አንድ ዙር የሚሆን ሙዚቃ) ነው፤ ያጀባቸውም ያው ባንድ ነው።

የመጀመሪያዋ ሳክስፎን ተጫዋች ናት። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ኖታ ብቻ ነው የተጠቀመችው። በሦስቱ ኖታ ሦስት ምት የምትፈጅ አጭር ሐረግ ሠራች። ሙዚቃው ግን በአራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሐረጓን በደገመቻት ቁጥር መነሻዋ ይቀየራል። መጀመሪያ አንደኛው ምት ላይ ተነሳች። ቀጥሎ እዚያው ባር ውስጥ አራተኛው ምት ላይ። ከዚያ በሁለተኛው ባር ሦስተኛው ምት ላይ። ከዚያ በሦስተኛው ባር ሁለተኛው ምት ላይ። አራት ጊዜ ስትደግማት አስራ ሁለት ምት ሞላ። አራተኛው ባር ሲመጣ እንደገና አንደኛው ምት ላይ ተገጣጠመች። እዚያ ላይ ዝም አለች። አራተኛውን ባር ሙሉ ለቀቀችው። ድራመሩ ያቺኑ ሦስት ምት ሐረግ በስኔሩ (ከከበሮዎቹ በአንዱ) መለሰላት። አምስተኛው ባር ላይ ኮርዱ ሲቀየር እሷም አንደኛው ምት ላይ አብራ ገባች። አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሰምተነዋል። ሰውነታችን ነው የነገረን።

የፈተና ወረቀቷ ላይ የተጻፈው «የሐሳብ እጥረት፤ ብዙ ዝምታ» የሚል ነው።

ሁለተኛው ፒያኖ ተጫዋች ነው። ጣቶቹ ፈጣን ናቸው። ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው በስምንተኛ ኖታ ሞላው። ስኬሎቹ በሙሉ ትክክል ነበሩ። ሰባተኛው ባር ላይ ግን አንድ ምት ዘለለ። ከዚያ በኋላ ከባንዱ አንድ ምት ቀድሞ ነበር የሚጫወተው። ዙሩ ሲያልቅ እሱ አዲሱን ዙር ጀመረ፤ ባንዱ ግን ገና አስራ ሁለተኛው ባር ላይ አራተኛውን ምት እየመታ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ ሊከተለው ሲል አንድ ምት መጣል ግድ ሆነበት። ድራመሩ ለጥቂት ባር ሲምባሉን (የሚመታውን የብረት ሳህን) ብቻ ይዞ ጠበቀ። ይህ ተማሪ ከክፍሉ ከፍተኛ ማርክ ካገኙት አንዱ ሆነ።

ልጁ ላይ ቅሬታ የለንም። ጥሩ ጓደኛችን ነው፤ የተጠየቀውንም በትክክል ሠርቷል። ምት መዝለሉን የነገረውም ከፈተናው በኋላ ቤዝ ተጫዋቹ ነው። ከመምህራኑ ወገን አንድ ቃል አልደረሰውም። ቅጹ የማይጠይቀውን ማን ይነግረዋል? እሷ ደግሞ ዝምታን በሶሎ ውስጥ መጠቀም ጥፋት ነው ብላ ሄደች። አሁን ስትጫወት ባዶ ቦታ ባገኘች ቁጥር ትሞላዋለች። በጣም ያሳዘነን ይሄኛው ነው።

ለስኬልና ለኮርድ የሚሰጠው ክብደት ተገቢ ነው። ስኬል ራሱ ግን ያለ ምት ትርጉም ያጣል። እዚሁ ትምህርት ቤት በስኬል ክፍል የሚሰጠንን የቢባፕ (የጃዝ ስልት) ስኬል አስቡ። መደበኛው ስኬል ሰባት ኖታ አለው። በአራት ምት ባር ውስጥ ግን ስምንት ስምንተኛ ኖታዎች ይገባሉ። ሰባቱን ከላይ ወደ ታች በስምንተኛ ኖታ ስትወርዱ ስምንተኛው ኖታ ላይ መነሻችሁ ተመልሶ ይመጣል። የሚወድቀው ግን በደካማው ቦታ (በሁለት ምት መካከል) ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የኮርዱ ኖታዎች ከጠንካራው ምት ጋር ይተላለፋሉ። አንድ ኖታ ሲጨመር ስኬሉ ስምንት ይሆናል፤ የኮርዱ ኖታዎችም በየምቱ ራስ ላይ ይውላሉ። ስምንተኛው ኖታ የተጨመረው ለምቱ ተብሎ ነው። ምቱን ሳያውቅ ይህን ስኬል የሚያጠና ተማሪ ኖታ ቆጥሮ ነው የሚወጣው።

ስህተት የሚባለውን ኖታም ተመልከቱ። ከኮርዱ ውጪ የሆነ ኖታ በደካማው ምት ላይ መጥቶ በግማሽ ድምፅ (በትንሿ የኖታ ርቀት) ወደ ኮርዱ ኖታ ከተሻገረ፣ የተሻገረውም በጠንካራው ምት ላይ ከወደቀ፣ ጆሮ እንደ መሸጋገሪያ ይቀበለዋል። ስህተትም አይመስለውም። ትክክለኛው ኖታ ያለቦታው ሲመጣ ግን የሚያድነው ነገር የለም። ኮርዱ ከተቀየረ በኋላ የመጣ የቀድሞው ኮርድ ኖታ፣ በራሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ይጎረብጣል።

ሁለተኛው ቅሬታችን በባንድ ፋንታ የተሰጠን የተቀዳ ማጀቢያ ነው። ማጀቢያው ለልምምድ አይጠቅምም አንልም። ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ግን ማጀቢያው አይሰማም። ከምት ብትወጣ አይነግርህም። ዙሩ ቢጠፋብህ አይጠብቅህም። ጥሩ ሐረግ ብትጫወት አይመልስልህም። ሶሎው ሲግል አብሮ አይግልም። እላይ ያነሳናት ሳክስፎን ተጫዋች በማጀቢያ ብትፈተን ኖሮ አራተኛው ባር ላይ የሚመልስላት ስኔር አይኖርም ነበር።

ይህ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የቆየ ጉዳይ ነው። ኬኒ ክላርክ የሚባለው ድራመር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ምት የመያዙን ሥራ ከቤዝ ድራም (በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ) አንስቶ ወደ ራይድ ሲምባል ወሰደው። ቤዝ ድራሙና ስኔሩ ነጻ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ድራመሩ ምቱን እንደያዘ ከሶሎ ተጫዋቹ ጋር መነጋገር ቻለ። ዘመናዊው የጃዝ ኢምፕሮቫይዜሽን ያደገው በዚህ ንግግር ላይ ነው። ፍሬዲ ግሪንም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በ1987 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በካውንት ቤዚ የጃዝ ባንድ ጊታር ተጫውቷል። ሶሎ የተጫወተው ከስንት አንዴ ነው። በየባሩ አራቱን ምት እየመታ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። ያ ባንድ የሚታወቅበት ስዊንግ ያለ እሱ ጊታር አይታሰብም። እንዲህ ያለ ተጫዋች በእኛ ቅጽ ቢፈተን በምን መስመር ማርክ ያገኛል?

ስዊንግ ካልን አይቀር፣ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ነገር መሆኑንም አስቡበት። ኖታው ላይ ሁለት እኩል ስምንተኛ ኖታዎች ይጻፋሉ። ሲጫወቱት የመጀመሪያው ይረዝማል፤ ሁለተኛው ያጥራል። ምን ያህል? መካከለኛ ቴምፖ ላይ ወደ ሁለት እጅ ለአንድ ይጠጋል። ቴምፖው ሲፈጥን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄድና ወደ እኩል ይቀርባል። ይህን የሚያስተካክለው አጠገብ ያለው ሲምባል ነው። የድራመሩን እጅ እያየ፣ እየሰማ፣ እየተከተለ ነው ሰው የሚማረው። በግሉ ጊዜ ያዳብረው የተባለው ተማሪ ይህን ከማን ያገኛል?

ለሪትም ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በቂ ነው የሚል መልስም ከአንዳንድ መምህራን ሰምተናል። ሜትሮኖም እ.ኤ.አ. በ1815 ሜልዜል የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጀምሮ ለሙዚቀኛ ውለታ የዋለ መሣሪያ ነው። ጥያቄው እንዴት እንጠቀምበት ነው። አራቱንም ምት እንዲመታልህ ካደረግህ ምቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ አንተ ትከተላለህ። በሪትም ክፍል የተማርነው ሌላ ነው። ዘፈኑ በ160 የሚሄድ ከሆነ ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርገን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ እንሰማው ነበር። ሲለመድ 40 ላይ እናወርደዋለን፤ በባር አንዴ ብቻ ይመታል። ከዚያ መምህሩ ያጠፋውና ለጥቂት ባር ዝም ብለን እንጫወታለን። ሲያበራው ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደዘገየ ይታወቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም እንፈጥን ነበር። በተርሙ መጨረሻ አብዛኛው ሰው ሜትሮኖሙ ሲመለስ እላዩ ላይ ይገኛል። ይህ ለውጥ የመጣው መምህሩ እያጠፋና እያበራ፣ እያረመን ነው።

ምት ከኖታ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብም ዓለም ላይ ካለው የሙዚቃ ትምህርት ጋር አይሄድም። በደቡብ ሕንድ ሙዚቃ ተማሪው ምቱን መጀመሪያ በአፉ ይለዋል። ለሦስት «ታ ኪ ታ»፣ ለአራት «ታ ካ ዲ ሚ» እያለ በእጁ ዙሩን ይቆጥራል። በአፉ ያልቻለውን በመሣሪያ አይሞክረውም። በኩባ ሙዚቃ ክላቬ የሚባል አምስት ምት ያለው ስልት አለ። ሁለት ባር ለአስራ ስድስት ሲከፈል ምቶቹ 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ ይወድቃሉ። ፒያኖውም፣ መለከቱም፣ ዘፋኙም ሐረጋቸውን የሚሠሩት ይህን ተከትለው ነው። ክላቬውን ተቃርኖ የሚጫወት ሰው ኖታው ቢያምርም ባንዱን ያፈርሳል። የእኛው ችክችካም ቢሆን ስድስቱን ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማት ለማይችል ሶሎ ተጫዋች ቦታ አይሰጥም።

ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝንም ሳናነሳ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1892 በጄኔቫ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የሃርመኒ (የኮርዶች ትምህርት) መምህር ሆነ። የሪትም መምህር አልነበረም። ተማሪዎቹ ሕጉን ያውቃሉ፤ ኮርዱን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ምቱ ግን ሰውነታቸው ውስጥ እንደሌለ አየ። ስለዚህ በእግራቸው እየሄዱ፣ በእጃቸው እያጨበጨቡ ምትን እንዲማሩ አደረገ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው በእንቅስቃሴ የሚደረግ የሪትም ትምህርት ከዚያ የመጣ ነው። ሃርመኒ አስተማሪው ራሱ ለሃርመኒው ሲል ወደ ምት ሄደ። ኮሚቴው ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ሌላው የመለማመጃው ቦታ ነው። ለዓመቱ መጨረሻ ኮንሰርት የቀረው ብቸኛ ባንድ ወደ ትልቁ አዳራሽ ተዛውሯል። ድራሙ ድምፁ እንዳይረብሽ ተብሎ ከኋላ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ፒያኖው መድረኩ ላይ ነው። በመካከላቸው አሥር ሜትር ያህል አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ የድራሙ ምት ፒያኖ ተጫዋቹ ጋ ሲደርስ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቷል። ፒያኖው የሰማውን ተከትሎ ሲመልስ ድራመሩ ጋ ሌላ 30 ይጨመራል። በ120 ቴምፖ አስራ ስድስተኛ ኖታ (የምቱ ሩብ) 125 ሚሊ ሰከንድ ነው። የኖታው ግማሽ ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሁለቱም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ቴምፖው ወደ ኋላ ይጎተታል። ከዚያ «ትጎትታላችሁ» ተብለን እንወቀሳለን። ያው ባንድ በትንሿ ክፍል ተጠጋግቶ ሲጫወት አይጎትትም። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የድራምና የፐርከሽን ተማሪዎችም በኢምፕሮቫይዜሽን ፈተና ራሳቸው አይፈተኑም። በየፈተናው ሌላውን እንዲያጅቡ ይጠራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ያጅባሉ፤ ስማቸው ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ይህ መቆም አለበት።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። የሪትም ክፍል በቀድሞው ሰዓቱ ይመለስ። ለዚያ ቦታ የለም ከተባለ፣ ከስኬል ክፍሉ ሰዓት የተወሰነው ለሪትም ተለይቶ ሁለቱ መምህራን አብረው ያስተምሩ፤ ይህን ሐሳብ ያቀረቡት የስኬል ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። ሳምንታዊው የባንድ ልምምድ ይቀጥል፤ ማጀቢያው በቤት ለሚደረግ ልምምድ ይሁን።

የማርክ ቅጹ ላይ ሪትም ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። መስመሩ ምት አለመሳትን ብቻ ሳይሆን የሐረግ አቀማመጥን፣ የዝምታ አጠቃቀምንና ከባንዱ ጋር መነጋገርን ይመዝን። ከፈታኞቹ ቢያንስ አንዱ የድራም ወይም የቤዝ መምህር ይሁን። ያለፈው ተርም ፈተናዎች ተቀድተዋል። እላይ የጠቀስናት ተማሪ ቅጂ በእንዲህ ያለ ፈታኝ እንደገና ይሰማላት። እሷም በዚህ ተስማምታለች። የፒያኖ ተጫዋቹ ማርክ እንዲቀነስ አንጠይቅም፤ ግን ቅጂውን ከመምህር ጋር ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ዕድል ይሰጠው። ይህን የጠየቀው ራሱ ነው።

ባንዱ ወደ ትንሿ ክፍል ይመለስ፤ ካልተቻለም ድራሙ ከፒያኖውና ከቤዙ አጠገብ ይቀመጥ። የድራምና የፐርከሽን ተማሪዎች ከዚህ ተርም ጀምሮ በኢምፕሮቫይዜሽን ይፈተኑ።

የኮሚቴው አባላት ውሳኔውን እንደገና ከማየታችሁ በፊት አንድ ልምምዳችን ላይ እንድትገኙ እንጋብዛችኋለን። በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ትንሿ ክፍል ውስጥ በራሳችን ፈቃድ መለማመዳችንን ቀጥለናል። መልሳችሁን ከዚህ ተርም ፈተና በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን፤ ብዙዎቻችን በዚያው ቅጽ ልንፈተን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣

የባንድ ልምምድ ክፍል ተማሪዎች ተጠሪ፣
በክፍሉ ተማሪዎችና በድራም፣ በፐርከሽንና በቤዝ ተማሪዎች ስም